ዳንቴል የለበሰው ኢንቨርተር

ልጄ አብዱልመናን፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ የረገጥኸው መሬት ሁሉ ይለምልምልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። (አያ፣ እማ እየነገረችኝ የምጽፈው እኔ እህትህ ኢልሃም ነኝ። «ደህና ነን» ስትል ወደ አባታችን አልጋ እያየች ነው።)

መብራት በጠፋ ቁጥር የአባትህ የኦክስጅን ማሽን እየቆመ ስላስቸገረን፣ ኡዘይር የሚባል የሶላር ባለሙያ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ ኢንቨርተር ከነሊትየም ባትሪው ለሙከራ ገጠመልን። ሸጋ ነበር። አቧራ እንዳይገባው ብዬ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለበስሁት። (ሙሽራ አስመሰለችው! መኳል ብቻ ነው የቀረው።) ትናንት መብራት ሲጠፋ ያ ኢንቨርተር ግሎ ጮኸና ዝም አለ። የአባትህ ከንፈር ሲጠቁር አየሁ፣ ልጄ። ኢልሃም ዳንቴሉን ገፍፋ ኢንቨርተሩን በሰፌድ ስታራግብለት ቆይታ ነው ቀዝቅዞ የተነሣው፤ አባትህም ያኔ ተነፈሰ።

ኡዘይር መጥቶ፣ «እትዬ፣ አየር ነስተውት ነው እንጂ እሱስ ጤነኛ ነው። ሊትየሙን በአሲድ ባትሪ ልለውጠው ብል ግን ጋዝ ስለሚያወጣ ከበሽተኛ ጋር አንድ ክፍል አይገባም» አለኝ። እኔ ሁለቱንም ፈራሁ፤ ይኸኛው ግሎ ይቆማል፣ ያኛው ጋዝ አለው። ምነው ደብዳቤህ ቀረ? የቱ እንደሚሻል አንተ ምረጥልን፤ ያንተን ቃል አምናለሁ። አላህ ዓይንህን ያሳየኝ።

(ይህን እማ አላለችኝም፦ ዛሬ ቀልድ የለም፣ አያ። ሰፌዱን ራስጌዬ አድርጌ ነው የምተኛው። ቶሎ መልስልን።)