ከተፈጥሮ ውጭ የተባልኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሜይ 5፣ 2008። ንጋት 12 ሰ.
የሥራ ጫማ እያሰርኩ ነው። ደብተሬ፣ ተናድጃለሁ። የቤ/ክ የስልክ ጸሎት እንደ ወትሮው 11 ላይ ተጀመረ፤ አርባ ምናምን ሰው በአንድ መስመር። አሜን ተብሎ ሲያልቅ እህቴ አስቴር ሁሉም የዘጋ መሰላት። ማንም አልዘጋም። ለፓስተሩ ሚስት ለወ/ሮ ምሕረት ብቻ የምትነግር መስሏት፣ ታናሼ ሴት ነው የምትወደው፣ ኤርፖርት አብራት ሻንጣ ከምትጭነው ልጅ ጋር ናት ብላ አለቀሰች። ኩሽና ቆሜ በስልኬ ሰማሁ። ከዚያ መስመሩ ላይ አንድ ሰውዬ ሲያስል ተሰማ።

ለአስቴር የነገርኳት ራሴ ነኝ። ትናንት። እህቴ ናት ብዬ። ሞኝ!

ማክሰኞ
ወ/ሮ ምሕረት ደወለች። እስከ ትናንት «እሳቸው» ነበሩ፤ ከዛሬ ጀምሮ «እሷ» ናት። ነገሩ ከተፈጥሮ ውጭ ነው አለች። ቅዳሜ የቤ/ክ እናቶችን ይዛ፣ ዘይት ይዛ ልትጸልይልኝ ትመጣለች። እምቢ ካልኩ አስቴር ቤቷ እንዳታኖረኝ አለች።

ስለ ተፈጥሮ የምታስተምረኝ ማን ናት? ዊግ ያጠለቀች፣ ጥፍር ያስቀጠለች፣ ዶሮ ከነላባዋ ብታይ የምትጮህ ሴት!

ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ
ኤርፖርት አብራኝ ሻንጣ ከምትጭነው ከሮዛ ጋር ከአፓርታማው ጀርባ ወዳለው ወንዝ ወረድን። ዝናቡ ሞልቶታል። ጫማ አውልቄ ገባሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ጸሐይ ይሞቃሉ፤ ዞር ብሎ ያየን የለም።

ሸሚዜን አወለቅኩ። ይሄ ወንዳወንድ የሚሉት ትከሻ! ሁለት ዓመት በረጅም እጅጌ ሸፈንኩት፣ በቴክሳስ ሙቀት። ሮዛ ሳመችው። ውሃው ቀዘቀዘኝ፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ሣሩም፣ ኤሊውም፣ እኔም እዚያው ነን። ከየት ነው ውጭ የሆንኩት? ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፤ ያቃጠልኳቸው ሁለት ዓመታት አንገበገቡኝ።

ዓርብ
አስቴር እየጾመች ነው። ለመነችኝ፦ «ዝም ብለሽ ተንበርከኪላቸው፣ ጸልየው ይሂዱ። ለሰው አፍ ብለሽ። ፕሊስ።» እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እዚህም ያመጣችኝ እሷ። ለእ/ር እንበረከካለሁ፣ ለሰው አፍ ግን አልችልም አልኳት። ልትሄጂ ነው ወይ አለችኝ። አላውቅም። ሮዛ ዩለስ ከተማ፣ እሷ ቤት ነይ ብላኛለች። እራት ሳንበላ ተኛን።

ቅዳሜ፣ ረፋድ 4 ሰ.
ሁለት መኪና ፓርክ አደረገ። አምስት ሴቶች። አስቴር መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆልፋለች።

ሻንጣ አልሸከፍኩም። በበሩ ስር ሆኜ ነገርኳት፤ አልሄድም፣ አልንበረከክምም። ካባረርሽኝ አንቺው በአፍሽ አባሪኝ፣ እነሱን አትላኪብኝ። የውጭውን በር እኔ ከፍቼ፣ ሴት እወዳለሁ፣ አልታመምኩም እላቸዋለሁ።

ቁልፉ ተሰማ። ወጣች። ፊቷ አብጧል። ከእኔ ጋር ትቁም ከእነሱ ጋር፣ አልጠየቅኳትም።

ተንኳኳ። ደብተሬ፣ በሩን ልክፈት።