አባባ ሳያነብ የፈረመው ቃል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ ደብዳቤ ላይ ሌላ ምን ይባላል!

ስለ አባባ ክስ «ጠጥቶ መንዳት ቀላል ነገር ነው፣ በምክር ያልፋል» ብለህ የጻፍከው አንጀቴን አሳረረው። ያስቆመው ትራፊክ ፖሊስ እኮ ራሱ አባባ መኪና መንዳት ያስተማረው ሰውዬ ነው። ሰውዬው አፍሮ «ጋሼ፣ ቃል ከመስጠትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ» ቢለው፣ አባባ «ተማሪዬ ነው የሚመክረኝ?» ብሎ ቃሉን ሳያነብ ፈረመለት!

ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እየጎተትኩ ጠበቃ ቢሮ ወሰድኩት። ጠበቃዋ ገና አጠገቧ እንደተቀመጠ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። «ትንፋሽዎን የለካው መሣሪያ በትክክል መሥራቱን ማስረጃ እንጠይቃለን። እስከዚያ ለማንም ምንም አይናገሩ፤ መኪናም አይንኩ» አለችው። እሱ ደግሞ «ሕግ ልታስተምሪኝ ነው?» ብሏት ወጣ። ደረጃውን ግድግዳ ተደግፎ ወረደ፤ እኔ ልደግፈው ብል ገፈተረኝ።

የፍርድ ቤት ቀጠሮውን ቀን አንድም ጊዜ አልጠየቀኝም። የመኪናውን ቁልፍ ግን ሲፈልግ ቤቱን አተራመሰው። ስኳር ዕቃ ውስጥ ነው፤ አንተም እንዳትነግረው።

ቀላል ነው ካልክ መጥተህ አቅልለው!

በል ሰላም ሁንልኝ። አባባም ሰላም ብሎሃል ብዬ እንዳልጽፍ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ ገና አልተነሣም።

እህትህ