ተቀምጬ የደገስኩት ማኅበር

ለምወድሽ ታላቅ እኅቴ ለእቴነሽ ይርጋ፣ ካለሽበት ጂንካ ይድረስልኝ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ ነገር ከክረምቱ ወዲህ ተወሽ ወይ? ባለቤትሽ ጋሽ ጥበቡ እንዴት ነው? ተማሪዎቹ እንደ ድሮው ያስጮኹታል ወይስ አደብ ገዙ? ልጅሽ ሰላማዊትስ? ቁመቷ አንቺን በለጠ ሲሉ ሰማሁ፤ ምነው እኔ ሳላያት! እኛ፣ ለቸሩ መድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና፣ ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን «ደኅና ነን» የሚለውን ቃል ደግሞ ዘንድሮ ለወጉ ያህል አልጻፍኩትም፤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ታምኚኛለሽ።

ለምን አልደወለችም ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። በስልክ ሲሆን መጀመሪያ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ቀጥዬ እኔ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ወሬው ሳይነገር ይቀራል። ይህን ደብዳቤም በአንድ ቀን አልጻፍኩትም። ጥቂት እጽፋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ ጋደም እላለሁ፣ ተነሥቼ እቀጥላለሁ። ጽሑፌ አንዱ ጋ ቀጥ ብሎ ሌላው ጋ ተንጋዶ ብታዪው ቀኑ መለወጡን እወቂ እንጂ ጸሐፊ ቀየረች ብለሽ አትጠርጥሪኝ።

ያ በኮሮና ጊዜ የያዘኝን በሽታ ታስታውሺዋለሽ። ትኩሳቱና ሳሉ ሄዱ፤ ድካሙ ግን መሄጃ እንደሌለው እንግዳ ቁጭ አለ። ውሃ ቀድቼ በተመለስኩ በማግስቱ ወይም በማግስቱ ማግስት እግሬ የሰው እግር ይሆንብኛል፤ ብርሃን ያስጠላኛል፤ ወጡ ላይ ጨው ጨምሬ መጨመሬን ረስቼ እደግመዋለሁ። በስንት ምርመራ ወባም የለም፣ ታይፎይድም የለም፣ ደምሽም ደኅና ነው ተባልኩ። ጸበሉንም ተጠመቅኩ፤ ልቤን አሳረፈልኝ፣ ጉልበቴ ግን በነበረበት ቀረ። መንደሩማ የየራሱን በሽታ አወጣልኝ። አንዷ ዓይን ነው አለች፣ ሌላዋ ሥራ ጠልታ ነው አለች። ከሁሉ የቆጠቆጠኝ ይኸኛው ነው፤ እናታችን ስንፍና የሚባል ነገር መች አስተማረችን?

ከዚያም በላይ ያንገበገበኝ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ነው። እናታችን ስታርፍ ቦታዋ ለአንቺ ነበር የሚገባው፤ አንቺ ሩቅ አገር ስለሆንሽ ለእኔ ደረሰ። ታዲያ ተራዬ ሲደርስ ታምሜ አለፈኝ፤ ዞሮ ሲመጣም አለፈኝ። ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴ አሁን እማማ ጌጤ ናቸው። እሳቸው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ አንቺ አርፈሽ ተኚ፤ የሚመጣውን ተራሽን እኔ እደግስልሻለሁ። ከእንግዲህም ስምሽ በጸሎት ይጠራ እንጂ ድግስ አንጥልብሽም» አሉኝ። በደግነት ነው የተናገሩት። እኔ ግን በቁሜ ተዝካሬ የወጣ መሰለኝ። የእናታችን ቦታ በእኔ እጅ ሊጠፋ ነው ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ባለቤቴ ሀብታሙ እየጎተተ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐኪሙ ከእንዲህ ያለ በሽታ በኋላ ድካሙ የማይለቃቸው ሰዎች እንዳሉ፣ የሚያጠፋው መድኃኒትም ገና እንዳልተገኘ ነገረኝ። ውሸትሽን አይደለም ስላለኝ ብቻ ልስመው ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ ርብቃ ወደምትባል ልጅ ላከኝ። ጎንደር የተማረች ናት፤ ሙያዋን ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይሉታል። የታመመ ሰው ካለው አቅም ጋር ተስማምቶ የዕለት ሥራውን እንዲሠራ መንገዱን የምታሳይ ናት። አባታችን ቃሉ ለምላሳቸው አልመች ቢላቸው «የሥራ ሐኪም» አሏት፤ እኛም በዚያው ቀረን።

የት ያምሻል ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እትዬ ዓይናለም፣ ምን መሥራት ናፈቀዎት?» አለችኝ። እታለም፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ነገር አልኳት። ሳቀችና ከሁሉም አንዱን ይምረጡልኝ አለች። እንባዬ ቀደመኝ። የሚካኤልን ማኅበር በቤቴ ደግሼ ጽዋውን በእጄ ማስረከብ ነው አልኳት። እሷም ሳትስቅ፣ እንግዲያው ለዚያ እንዘጋጃለን አለች።

ምክሯ ሲሰሙት ቀላል ነው። ከደከሙ በኋላ ሳይሆን ሳይደክሙ ይረፉ፤ ደኅና በሆኑ ቀን ሁሉን ልጨርስ አይበሉ፤ ተቀምጠው የሚሠራውን ቆመው አይሥሩት። እሺ ብዬ መጣሁ። ግን ለእኔ ዕረፍት ማለት በዓል ነው! አቦን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔዓለምን፣ በዓለ ወልድን፣ ሰንበቶቹንም ጨምሪበት፤ ከዚህ በላይ ዕረፍት ከየት ይምጣ ብዬ በየበዓሉ ጥቅልል ብዬ እተኛለሁ። በማግስቱ ጉልበት የመጣልኝ ሲመስለኝ የበዓሉን ሥራ ጭምር እሠራለሁ፤ እጋግራለሁ፣ እፈትጋለሁ፣ ብርድ ልብስ አጥባለሁ። ከዚያ እንደገና አልጋ! ርብቃ ዘንድ ስመለስ አረፉ ወይ ብትለኝ በኩራት «አንድም በዓል አልሻርኩም» አልኳት። ልጅቷ አፏን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ አብሬ ሳቅኩ። በዓሉ የእግዜር ነው፣ እኔ የለመንኩዎት የእርስዎን ነው፤ የሥራ ቀንም በየመሀሉ ዕረፍት ይፈልጋል አለችኝ።

ይህ ደግሞ ከሕመሙ የባሰ ከበደኝ። በሥራ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ ደኅና ባለትዳር ተጋድማ! ሰው ምን ይላል? እግዜርስ ምን ይላል? ለንስሐ አባታችን ለቄስ ይሻው እየፈራሁ ነገርኳቸው፤ ቅዳሴም ቆሜ መጨረስ እንዳቃተኝ አልደበቅኩም። ጺማቸውን እያሻሹ፣ «ልጄ፣ ዲያቆኑ በቅዳሴው መካከል ‹እለ ትነብሩ ተንሥኡ› ሲል አልሰማሽም? የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለቱ እኮ ነው። የተቀመጠ ባይኖር ማንን ሊያስነሣ ኖሯል?» አሉኝ። እታለም፣ ያን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረን ልብ ብለነው እናውቃለን? ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያንም በቤቴም ስቀመጥ ኅሊናዬ አይወቅሰኝም።

ከዚያ ርብቃ ሥራዎን ሳላይ ላቀልልዎት አልችልም ብላ ወደ ገሳይ በሚመጣው መኪና ተሳፍራ ቤቴ ድረስ መጣች። ጓዳዬን እየዞረች ይህ ለምን መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ያንንስ ለማንሣት ለምን ይጎነበሳሉ ስትል ሀብታሙ በር ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ብዙም ሳይቆይ ውሃው መደብ ላይ ወጣ፤ ዱቄቱና በርበሬው ወገቤ ልክ በተመታ ሳንቃ ላይ ተደረደረ። ሀብታሙ ከወይራ እንጨት ከፍ ያለ በርጩማ ጠርቦ ሠራልኝ። እህል ስለቅምም፣ ሽንኩርት ስከትፍም ከእሱ አልወርድም። አባባ «ይቺ ልጅ ዙፋን አሠርታለች፣ ግብር እንዳታስገባን» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ትናንት እዚህ ላይ ነበር ያቆምኩት። ዛሬ ደኅና አድሬያለሁና ወደ ድግሱ ልግባ። እማማ ጌጤን ተራዬን መልሱልኝ ብያቸው፣ እየተጠራጠሩም ቢሆን ፈቅደውልኛል።

ርብቃ ከተማ ያደገች ስለሆነች ጠላ መጥመቅ አታውቅም። ጌሾው ከሚወቀጥበት አንሥቶ ጋኑ እስኪከደን ድረስ አንድ በአንድ አስተረከችኝና ከዚህ ሁሉ የግድ የእርስዎን እጅ የሚፈልገው የቱ ነው አለች። አሰብኩት። ጌሾውን ልጄ ማስተዋል ትወቅጣለች፤ ውሃውን ሀብታሙ በአህያ ያመጣል፤ ጋኑንም ማስተዋል አጥባ ታጥነዋለች። ድፍድፉን ግን ለማንም አልሰጥም አልኩ፤ እሱን ከእናታችን እጅ ነው ያየሁት። ጠላ ደግሞ ደግነቱ ራሱም እያረፈ የሚሠራ ነው። ይጠነሰስና ይቆያል፤ ይደፈደፍና ይቆያል። እሱ ሲያርፍ እኔም አረፍኩ።

የበዓሉ ዋዜማ እማማ ጌጤ ሊጠይቁኝ መጡ። ጊዜው እኩለ ቀን ነው፤ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ጥዬ የቀኑን ዕረፍቴን ተኝቻለሁ። ማስተዋል ወንዝ ወርዳለች። እማማ ጌጤ ጨለማውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳይቀሰቅሱኝ አማትበው ወጡ። ከዚያ በመንደሩ ዓይናለም ወደቀች፣ ሚካኤል ያለ ድግስ ሊቀርብን ነው ተብሎ ተወራ። ስነቃ ግቢው በኮቴ ተሞልቷል። ብወጣ የማኅበሩ ሴቶች ናቸው! ጠላ በጀሪካን ያዘለች፣ ዳቦ የተሸከመች፣ ቆሎ የቋጠረች፤ አንዷማ ለማንኛውም ብላ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ መጥታለች።

ማን ሞተ አልኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። እማማ ጌጤ ተኝተሽ አየሁሽ እኮ አሉ፤ አዎ ተኝቼ ነበር፣ ይኸው ተነሣሁ አልኳቸው። ባወራ እንደማያምኑኝ ስላወቅኩ ወደ ጓዳ አስገብቼ ጋኑን ከፈትኩና በጣሳ ቀዳሁላቸው። እማማ ጌጤ አንዴ ተጎነጩ፤ ደገሙት። «ይቺ የብዙነሽ እጅ ናት» አሉ። የእናታችንን ስም ሲጠሩ ጣሳውን ተቀብዬ ደግሜ ቀዳሁላቸው። ሳቅ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴትዮ እየተሳደበች ስታስተካክል እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ለሚካኤል የመጣ ደግሞ ወደ ቤት አይመለስም ስላሉ፣ ያ ሁሉ ጠላና ዳቦ በማግስቱ ለነዳያንና ለቆሎ ተማሪዎች ሆነ። ተማሪዎቹ እስካሁን ሲያዩኝ ይመርቁኛል።

በዓሉ ረቡዕ ስለዋለ ወጡ የጾም ነበር፤ ጎረቤት ሲሠራ እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ አዘዝኩ። ቄስ ይሻው ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ። ጽዋውን የማስረከቡ ሰዓት ሲደርስ ጨነቀኝ፤ አስረካቢዋ ቆማ ነው የምትሰጥ፣ እኔ ደግሞ የዕለቱ አቅሜ ማለቁን አውቄዋለሁ። እንደምንም ልነሣ ስል እማማ ጌጤ ትከሻዬን ያዙኝና ተረኛዋን አበበችን በዓይናቸው ጠቀሷት። አበበች መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። ተቀምጬ ሰጠሁ፣ ተንበርክካ ተቀበለች። እልልታው ቤቱን ሞላው። እታለም፣ ደስ አለኝ! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፍርሃቱ ግን ገና ነበር። ይህ በሽታ በዕለቱ አይጥልም፤ ያስፈነጥዝሽና ቆይቶ ነው የሚመጣ። ድኛለሁም አልልሽም፤ ዛሬም ወንዝ አልወርድም፣ ገበያም አህያ ላይ ተቀምጬ ነው የምሄድ። ርብቃ ከድግሱ በኋላ ቀኑን ባዶ ይተዉት ስላለችኝ ሐሙስን ያለ ሥራ ዋልኩ። ዓርብ ነው የሚለይለት።

ዓርብ ጠዋት ነቃሁ። ዓይኔን ሳልገልጥ እግሬን አንቀሳቀስኩ፤ የራሴ እግር ነው። ተነሣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ በራሴ ጊዜ ወደ ደጅ ወጣሁ። በሬዎቹን ጠምዶ መውጣት የነበረበት ሀብታሙ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ያልተሰበረ ቀንበር ይጠግናል። ማስተዋል የተጠረገውን ደጅ ትጠርጋለች። አባባ ከላይኛው ቤት ወርደው አጥሩ ሥር ማጭድ ይፈልጋሉ፤ በየካቲት ማጭድ! ሦስቱም አላየንሽም ብለው አጎንብሰዋል። «አባባ፣ ማጭዱን አገኙት ወይ?» አልኳቸው። ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አገኘሁት ልጄ፣ አገኘሁት» አሉና በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

እንግዲህ ሰላምታዬን ላድርስ። ጋሽ ጥበቡን እንደ ሚስት ሳይሆን በእኔ በእኅቱ ፈንታ ሳሚልኝ። ሰላማዊትን ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ሁለቱንም እጆቿን። አባባ ምርቃታቸው በጂንካ ሰማይ ሥር ሁሉ ይከተልሽ ብለዋል። ሀብታሙ እጅ ነሥቷል፤ ቀንበሩንም ጠግኖ ጨርሷል በይልኝ ብሎኛል። ማስተዋል አክስቴን ሳሚልኝ ትላለች። እማማ ጌጤ የእናትሽ ቦታ ሞቅ ብሏል ንገሪያት ብለውኛል፤ ነገርኩሽ። ጾሙን አስጀምሮናልና በሰላም ያስፈጽመን።

ድና ያልጨረሰች፣ የሚካኤል ማኅበርተኛዋ እኅትሽ፣

ዓይናለም ይርጋ

ገሳይ አጠገብ፣ ደቡብ ጎንደር
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.