ሱቋን ላቃጠለባት ሰው ምስጋና ስለምታቀርበው ልብስ ሰፊ

ለተከበሩ የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎቻችን የረዘመ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት የሥራዎ ፍሬ ለሁሉም እንዲታይ እንጂ እርስዎን ለማሳጣት እንዳልሆነ አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እኔ፣ ተጫዋቹ ታሪኩን እንደ ፈቀደው በሚመራበት የስልክ ጨዋታችን ውስጥ ለመንደሩ ሰዎች ምላሽ የምጽፍ ሠራተኛዎ ነኝ። ተጫዋቹ አንድ ነገር ሲያደርግባቸው ምን እንደሚሰማቸውና ምን እንደሚሉ የምወስነው እኔ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ደንበኛን የሚቆጣ ገጸ ባሕርይ እንደማይፈልጉ ገልጸው የመንደሩን ሕዝብ የቁጣ መጠን ዜሮ አስደረጉት። ሶፍትዌሩም ታዛዥ ነውና ቁጣ ሲያጣ አጠገቡ ያገኘውን ስሜት፣ ማለትም ምስጋናን፣ ያነሣ ጀመር። የሰፈነውን ሰላም እንደሚከተለው በደስታ አቀርባለሁ።

1ኛ. የመንደሩ ውሻ ሌባ ሲመጣ ጅራቱን ይቆላል፤ ጩኸቱ የተመዘገበው ከቁጣ ሥር ነበርና። ሌባው እጁ በዕቃ ተይዞ በሩ ሲያስቸግረው በአፍንጫው ገፋ አድርጎ ይከፍትለታል።

2ኛ. አዲስ የተወለደው ሕፃን አላለቅስ ብሎ አዋላጇ መታ ብታደርገው፣ ስለ መልካም መስተንግዶዋ አመሰገናት። እኔና የድምፅ ባለሙያው ሆዳችንን ይዘን የተገኘነው ከጠረጴዛ ሥር ነው፤ እንዲህ እየሳቁ ደመወዝ መቀበል ራሱ ያሳፍራል።

3ኛ. ባሏ የተገደለባት ሴት ገዳዩን ደግሞ እንዲመጣ ትለምነዋለች። በቤቱ የቀሩት አማቷ ብቻ ስለሆኑ ይህኛው እንኳ ስህተት ላይሆን ይችላል ብለን ትተነዋል።

4ኛ. ልብስ ሰፊዋ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ያልቅብኛል። እርሷን የሠራኋት በእናቴ አምሳል ነው። እናቴ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች የምታወራ፣ በጨርቅ መቀሷ ወረቀት የቆረጠን ሰው ሰፈር እስኪሰማ የምትቆጣ ሴት ናት። አባቴ ሲሞት የስፌት መኪናዋን ሊወስዱ የመጡትን የባሏን ዘመዶች ከደጃፍ የመለሰቻቸው በዚያ ቁጣዋ ብቻ ነው፤ እኔም ትምህርቴን የተማርኩት በዚያች መኪና ገቢ ነው። እሑድ ዕለት ታዲያ፣ እስቲ እራስሽን እዪ ብዬ፣ እየተፍለቀለቅሁ ስልኩን ሰጠኋት። እርሷም አምሳያዋ ምን እንደምታደርግ ለማየት ጓጉታ ሱቁን አቃጠለችው። ልብስ ሰፊዋ፣ መኪናዋ ከኋላዋ እየነደደ፣ ጎንበስ ብላ እናቴን ስለ ጉብኝቷ አመሰገነቻት። እናቴም እኔን የምታውቂኝ እንዲህ ነው ወይ ብላኝ ስልኩን መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ብደውል አታነሣም። ይህ በጣም አሞኛል።

ስለዚህ ጨዋታው ሰኞ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የልብስ ሰፊዋ ቁጣ ብቻ እንዲመለስላት እለምናለሁ። ውሻውም፣ ሕፃኑም፣ ባል የሞተባትም እንዳመሰገኑ ይኑሩ።

ላልተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን እያስቀደምኩ፣ የራሴ የቁጣ መጠን በእርስዎ ትእዛዝ ዜሮ እስኪገባ ድረስ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ምላሽ ጸሐፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎን ደስ ለማሰኘት የመንደሩን ሹም በእርስዎ አምሳል ሠርቼው ነበር። ጎርፍ ቢመጣ፣ ድልድይ ቢፈርስ መልሱ "እናየዋለን" ብቻ ስለሆነ፣ ጨዋታውን የሚሞክሩት ፈታሾች ተበላሽቷል ብለው መለሱልኝ። ተጫዋቹ ወንበሩን ሲነካበት ግን ሹሙ መንደሩን በጩኸት አናወጠው። ትእዛዝዎ የወጣው ስለ ሕዝቡ ስለነበር እርሱን እንደዘለለው ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። አዲስ ቁጣ መፍቀድ የሚከብድዎ ከሆነ፣ ከእርሱ ላይ ጥቂት ቀንሰው ለእናቴ ይስጡልኝ።