ደረበን ያስጠበቁት ሁለቱ ሞጁሎች

ለተከበሩ አቶ አዛናው፣
የቆላ ወቅታዊ ሠራተኞች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ ካሉበት።

ክቡርነትዎ እንዴት ከርመዋል? ሙቀቱ፣ ወባውና የሰው አቤቱታ ጤናዎን እንዳልነካው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ አምና የምዝገባውን የኮምፒውተር ፕሮግራም እንድጽፍ የቀጠሩኝ የኮኪቱ ገበሬ የአቶ አምባው ልጅ የዓለምወርቅ፣ በአካሌ ደኅና ነኝ፤ ልቤን ግን አይጠይቁኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎ ላይ ዕረፍት ስለወጡ፣ አራተኛ ጨምሬ እንዳልረብሻቸው ብዬ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ መመሪያዎ አመሰግናለሁ። ፕሮግራሙን ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ በሚባለው የአጻጻፍ ስልት ስጽፍ ሥራውን ሞጁል በሚባሉ ክፍሎች ከፋፍዬው ነበር፤ አንዱ ሞጁል ሠራተኛውን ይመዘግባል፣ ሌላው እርሻውን። እርስዎ ግን ሠራተኛው የሚጸድቀው እርሻው ሲጸድቅ፣ እርሻውም የሚጸድቀው ሠራተኞቹ ሲጸድቁ ነው ብለው አዘዙ። የጻፍሁበት ቋንቋ ሞጁሎችን በተራ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነብ፤ የኋለኛው የፊተኛውን ይጠራል እንጂ ሁለቱ እርስ በርስ መጠባበቅ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ጽሑፌን መርምሮ ወደ ሥራ የሚያሳልፈው ፕሮግራም፣ አሻፈረኝ አለ። በዚያ ቢሮ እርስዎን እምቢ ያለ እሱ ብቻ ነበርና አከብረዋለሁ።

፪. ስለ ትምህርትዎም አመሰግናለሁ። መፍትሔው ሁለቱም ሞጁሎች የሚፈልጉትን አውጥቶ ከሁለቱ በፊት የሚቆም ትንሽ ሦስተኛ ሞጁል መሥራት እንደሆነ በትሕትና ነግሬዎት ነበር። ስሙን «ሰው» አልሁት። በውስጡ ስም፣ የአባት ስምና የትውልድ ቦታ ይገባሉ፤ በቃ። እሱ ማንንም አይጠብቅም፤ ሁለቱ ግን እሱን ይጠራሉ፣ ለታመመ ሠራተኛ የሚሰጠው የሆስፒታል መላኪያ ወረቀትም ከእሱ ይወጣል። እርስዎ ግን እርሻ የሌለው ሰው በዚህ ቢሮ አይታወቅም አሉኝ። እንደታዘዝሁትም በአንደኛው ሞጁል ባዶ ቦታ ትቼ፣ ፕሮግራሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሌላው እንዲሞላው አደረግሁ። ኮምፓይለሩ ተታለለና ዝም አለ። አበው ሁለት ባላ ትከል አሉ እንጂ፣ ሁለቱን ባላ መሬት ሳታስነካ እርስ በርስ አደጋግፍ አላሉም። እኛ አደጋገፍናቸው፤ እርስዎም ሪባን ቆረጡ፣ ተጨበጨበልዎት።

፫. ደረበን አያውቁትም። ስላልተመዘገበም ሊያውቁት አይችሉም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በየመኸሩ ከጎጃም እየወረደ የአባቴን ሰሊጥ ያጨደ፣ ነገር አዋቂ፣ እኔን «ማጭድ የማታነሣ ባለሥራ» እያለ የሚያበሽቀኝ ሰው ነበር። የሁለቱን ሞጁሎች ነገር ባጫውተው፣ ደጃፍ ላይ አንተ ቅደም አንተ ቅደም የሚባባሉ እንግዶች ናቸዋ ብሎ ሳቀ፤ ባለቤቱ ወጥቶ አንዱን እጁን ይዞ ካላስገባው እንደቆሙ ይመሽባቸዋል አለኝ። እርስዎ በሦስት ስብሰባ ያልገባዎትን ነገር እሱ እያጨደ ተረዳው።

ጥቅምት ላይ ትኩሳት ያዘው፤ ሆዱም በግራ በኩል አበጠ። የክሊኒኩ ነርስ ካላዛር፣ ያ ካልታከሙት የሚገድለው የቆላ በሽታ፣ ይመስላል፤ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይግባ አለች። አምቡላንሱ የሚነሣው ግን ከፕሮግራሙ በሚወጣው የመላኪያ ወረቀት ነው። የደረበን ስም ስናስገባ ፕሮግራሙ «እርሻው እስኪጸድቅ ይጠብቁ» አለን። የአባቴን እርሻ ስንከፍት «ሠራተኛው እስኪጸድቅ ይጠብቁ» አለን። ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። አባቴ ቢጨንቀው በትራክተር ተሳቢ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ይዞት ወጣ፤ ያልተመዘገበ ሠራተኛ ማጓጓዝ ክልክል ነው ብለው ሰዎችዎ ከኬላው መለሱት። በአሥረኛው ቀን ጧት ደረበ ሞተ። ወይ ነዶ!

፬. ይህ አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። ፕሮግራሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ኮምፓይለሩን ያታለልሁትም እኔ ነኝ። «ሰው»ን ለመጻፍ አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር፣ እጄን የያዘውም ማንም አልነበረም። እኔ ግን እንደ ጨዋ ሠራተኛ በደብዳቤ ፈቃድ ጠየቅሁና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ደረበ በየቀኑ ወረቀቱ ደረሰ ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም ነገ ነው እለው ነበር። ክቡርነትዎ፣ እርስዎን መውቀስ ቀላል ነው። ያን «ነገ ነው» ያልሁትን ግን የት ላድርገው?

፭. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ሚስቱ አገኘሽ ሁለት ቀን በመኪና ተጉዛ መጥታ የሞት ማስረጃ ብትጠይቅ፣ በሕይወት ሳለ ያልተመዘገበ ሰው መሞቱ አይመዘገብም ተብላ ተመለሰች። ይብላኝላት! በጽሕፈት ቤትዎ ሕግ እስካሁን ባለትዳር ናት፤ ባሏ የት እንዳለ ግን ቢሮዎ አያውቅም።

እንግዲህ የሥራ መልቀቂያዬን ከዚህ ጋር አያይዤ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅብዎ፣ ልጆችዎንም የእርስዎ ወረቀት ከሚያስፈልገው በሽታ ፈጣሪ እንዲሰውርልዎ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ፈቃድ ጠባቂ የነበረችው የቀድሞ ሠራተኛዎ፣
የዓለምወርቅ አምባው፤ ከኮኪት

ማስታወሻ፦ ደረበ በተቀበረ ማግስት «ሰው» የተባለውን ሞጁል ያለ ፈቃድዎ ጻፍሁት፤ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። መሥራቱን ለመሞከር አንድ ስም ያስፈልግ ነበርና የእሱን አስገባሁ። ወዲያው ተቀበለው፤ የመላኪያ ወረቀቱንም አወጣ። አትሜ ከዚህ ጋር አያይዤልዎታለሁ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው፤ አይቸኩሉ።