ወንበሬን ስላቃጠልክ

ውድ ልጄ ሮይስ፣

ወንበሬን አቃጠልክብኝ። ከጎረቤት ሳልመለስ፣ ጓሮ አውጥተህ፣ ጋዝ አርከፍክፈህ።

«አባዬ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ አልጋዋን ሸሽተህ እዚያ ቡትቷም ወንበር ላይ ተኮራምተህ ስታድር እያየሁ ወደ ኦሃዮ አልመለስም» አልከኝ። አዲስ ፍራሽ ገዝተህ አንጥፈህ ነበር። ጥሩ ፍራሽ ነው። «ትንፋሽ አጠረኝ» ብሎ ለልጅ መናገር በእኛ ሸለቆ ልማድ አይደለም።

የእናትህን አልጋ አልሸሸሁም። ዕድሜዬን ሙሉ በማዕድን ጉድጓድ የዋጥኩት የድንጋይ ከሰል ብናኝ ሳንባዬ ውስጥ ነው። በጀርባዬ ስተኛ ሆዴ ሽቅብ ይገፋና ለሳንባ የቀረችውን ቦታ ይቀማል። እግር ላይ የነበረው ደም ደረቴ ላይ ይከማቻል፤ በቂ አየር ሳያገኝም ይዞራል። ከንፈሬ ይጠቁራል። ወንበሩ ላይ ቀና ብዬ ሳድር ሆድ ይወርዳል፣ አየር ይገባል። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ ቀድሞ ያስተማረኝ ግን ያ ወንበር ነው።

ስለዚህ በዚያ ሌሊት አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ አደርኩ፤ ክርኖቼን ፍራሹ ላይ ተክዬ፣ አንገቴን ደፍቼ። እንዲያ ሲሆን ትከሻም ደረትን ያግዛል። ጎህ ሲቀድ በሩን ገፋ አድርገህ አየኸኝ። ስታለቅስ ሰምቻለሁ። ቁርስ ሳትቀምስ ቤተ ክርስቲያን ሄደህ «አባቴ መጸለይ ጀመረ» ብለህ አወራህ። እኔን፣ ከሠርጌ ወዲህ ደጃፏን ያልረገጥኩትን።

አንተ ወደ ኦሃዮ ከሄድክ በኋላ ሰባኪው ኦርቢ መጣ። እሱም የጉድጓድ ሰው ነበር፤ ጣሪያው ወገብ በማያስቀና ዋሻ አብረን ድኸናል። በሩ ላይ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁት።

«ሌስተር፣ ልጅህ አባቴ ጌታን አገኘ አለኝ።»

«ልጄ ብዙ ይላል።»

ገባና ክርኖቼ ፍራሹን የት ላይ እንዳሰረጎዱት አየ።

«እኔም ማታ ማታ እንዲሁ ነው የምጸልየው። ሚስቴ ቅዱስ ሰው ያገባች ይመስላታል።»

«አልነገርካትም?»

«አንተስ ለልጅህ ነግረኸዋል?»

ሳቅን፤ ሳቁ ሁለታችንንም በሳል ጣለን። በማግስቱ ቀን ቀን የሚያንቀላፋበትን ወንበር በመኪናው ጭኖ አመጣልኝ። «አንተስ?» ስለው «ሌላ አለኝ» አለ። ውሸቱን ነው፤ ቤቱን አውቀዋለሁ። አሁን ቀን እየመጣ እሱ ያንቀላፋበታል፣ ማታ እኔ። ሚስቱ መጽሐፍ ቅዱስ ሊያስተምረኝ የሚመላለስ ይመስላታል።

ሌላ ወንበር እንዳትልክ። ፍራሹ ላይ ስትመጣ አንተ ትተኛለህ። ስትደውል ስለዚህ ነገር አትጠይቀኝ፤ አንዴ ጽፌዋለሁ፣ ከእንግዲህ ከአፌ አይወጣም።

አባትህ ሌስተር