ከርከሮ አይዘፍንም

ውድ አባባ፣

የምጽፍልህ ስልክ ስለማታነሳ ነው። አክስቴ ሎሬት «እኔ ዘንድ ደህና ነው፣ ባሕሩን ሲያይ ይውላል» ትለኛለች። አንተ ባሕር እያየህ የምትውል ሰው እንዳልሆንክ እሷም እኔም እናውቃለን። ዓሣ እንኳ አትወድም። ውሻህ ፍሎክ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮውን ያቆማል። ያንተ አለመሆኑን ሲያውቅ ዞር ብሎ እኔን በቁጣ ያየኛል፤ አንተን ያባረርኩህ እኔ ነኝ የሚል ይመስላል።

ውሻው ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም። ያን እሑድ እጅህን ስትዘረጋልኝ ትከሻዬን ሸሸሁብህ። ፊትህ ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ማታውኑ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ፤ እኔም ከአልጋዬ ተነስቼ «ቆይ» ማለት አቃተኝ። እንግዲህ ያ ቀን በእኔ በኩል እንዴት እንደነበር ስማኝ። ሳትጨርሰው እንዳታጥፈው።

የዓመቱ የብስክሌት ግልቢያችን ቀን ነበር። ጠዋት በሩ ላይ ቆመህ እንደ ወትሮው አላገጥክብኝ። «ዘንድሮም ከተሜዎቹ ከፍለው ጭቃችንን ሊያቦኩ መጡ? እኔ ዕድሜ ልኬን በነጻ ሳቦካ የኖርኩ ሞኝ ነኝ!» አልክ። ካፊያ ነበር። አሮጌውን ቡናማ የዝናብ ካፖርትህን ከሚስማሩ አውርደህ ከብርቱካናማው ሰደርያዬ በላይ አለበስከኝ። «ሳንባሽ እንደ እናትሽ ነው፣ ልበሺው» አልክ። ለበስኩት። በእሱ ራስህን እንደምትገርፍ አውቃለሁና ተው። ባይበርደኝ ኖሮ አልለብሰውም ነበር።

ስምምነቱ ያንተው ነበር። ብስክሌቶቻችን ጫካውን መውረር የጀመሩ ዓመት፣ አዳኞቹና እኛ ልንደባደብ ስንደርስ፣ ሽማግሌው ፌርናንን ይዘህ መጥተህ እዚሁ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አስታረቅከን። በግልቢያው ቀን ጫካው እስከ ቀትር የብስክሌተኞች፣ የቤተ ክርስቲያኑ የቀትር ደወል ከተደወለ በኋላ የአዳኞች። ፌርናን የአደኑ አለቃ ናቸውና «ሰዓት አልቆጥርም፤ ደወሉን ስሰማ ቀንዴን እነፋለሁ፣ አለቀ» አሉ። እኛም ተስማማን። በዚህ አገር ደወል የማያምን ማን አለ? የአያቶቻችን ምሳ የሚቀርበው በእሱ ነበር።

እኔና ሉዲቪን የመጨረሻዎቹ ነበርን። በየዛፉ ያሰርነውን የመንገድ ምልክት እየፈታን ነበር የምንከተለው። ሌሎቹ ኮረብታው ላይ ባለው አሮጌ ግንብ ግቢ ውስጥ ዳቦ በዳክዬ ጉበት በልተው፣ ወይናቸውን ጠጥተው፣ እንግሊዞች አፈረሱት የሚባለው ማማ ሥር ፎቶ ተነስተው ቀድመውን ወርደው ከጫካው ወጥተዋል። ሉዲቪንን ታውቃታለህ፤ ዳቦ ቤቷ ውስጥም ብስክሌት ላይም አፏ አይዘጋም።

«ነይ እንጂ ማጋሊ! ቀንድ አውጣ አልፎሽ ሄደ!»

«ቁልቁለት ስለሆነ ነው የምትደነፊው። ዳገቱ ላይ እንገናኛለን፣ አንቺ የሊጥ ገንዳ!»

እንዲህ እየተባባልን ነበር የሸለቆው ታች የደረስነው። ከዚያ ደወሉ ተደወለ። ሉዲቪን ፍሬን ይዛ ስልኳን አየችና ሳቀች።

«ደወላችን ሰክሯል እንዴ? ቀትር ሊሆን አንድ ሰዓት ይቀረዋል እኮ!»

እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ለዚያ እሑድ አጥቢያ ሌሊት አገሩ በሙሉ፣ በየዓመቱ እንደሚደረገው፣ ለብርዱ ወራት ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሷል። የቤተ ክርስቲያናችንን ሰዓት ግን ማን ይመልሰው? በየዓመቱ ማማው ላይ ወጥቶ የሚመልሰው ሲልቫን ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። እሱን ልንጠይቅ አበባ ይዘን የሄድን ሰዎች፣ አንተም እኔም፣ ሰዓቱን ያስታወስን የለንም። ደወሉ የደወለው የትናንቱን ቀትር ነበር። እናንተ አዳኞቹ ደግሞ ቦታ ቦታችሁን ይዛችሁ ደወሉን እየጠበቃችሁ ነው።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለችኝ።

«ሊጀምሩ ነው።»

«እነማን?»

የፌርናን ቀንድ መለሰላት። ወዲያው ውሾቹ ከግንቡ በኩል ተለቀቁ።

አባባ፣ ያንን የቀንድ ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደው ነበር። ገና አልጋ ውስጥ ሆኜ ስሰማው ያንተ እሑድ መጀመሩን አውቅ ነበር። ያን ቀን ግን ብስክሌቱን አዙሬ መውጫ ፈለግሁ። ውሾቹ ሸለቆው ውስጥ ያለውን ሁሉ ሽቅብ ወደ ጠመንጃዎቹ እንደሚነዱ አውቃለሁ። እኔም ሸለቆው ውስጥ ነበርኩ።

«ደውዪላቸው!» አለች ሉዲቪን።

«እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ስልክ መቼ ሠርቶ ያውቃል?»

«እንግዲያው ቁጥቋጦው ውስጥ እንተኛ።»

«ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ?»

መውጫው ሁለት ነው። የግራው መንገድ ዘንድሮ ከከተማ የመጡት አዳኞች የቆሙበት ነው፤ ስማቸውንም ዓይናቸውንም አላውቅም። የቀኙ በድንጋይ መስቀሉ አጠገብ አልፎ ትልቁ ባሉጥ ዛፍ ሥር ይወጣል። እዚያ ድሮ በአደን ቀን የሚቆሙት አያቴ ነበሩ፤ ከእሳቸው በኋላ አንተ። ይህን አታውቅም፤ በኋላ ለመጡት ፖሊሶችም አልነገርኩም። ወዳንተ የመጣሁት በአጋጣሚ አይደለም። ከጠመንጃዎቹ ሁሉ ያንተን መርጬ ነው።

«በቀኝ! እዚያ ያለው አባቴ ነው» አልኳት።

ካፖርቱን ላወልቅ ሞከርኩ፤ ሰደርያዬ እንዲታይ። ዚፑ ያው ዚፕ ነው፣ ታውቀዋለህ፤ በሰላሙ ቀን እንኳ ስድብ ሳይሰማ አይከፈትም። ስቤ ስቤ ተውኩት። በግራ በኩል የመጀመሪያው ጥይት ጮኸ። ሉዲቪን አማተበች። እኔ «አትተኩሱ!» ብዬ ጮህኩ፤ የውሾቹ ጩኸት ዋጠው። የሰው ጩኸት ከሩቅ ከውሻ ጩኸት እንደማይለይ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ከዚያ አንተ ትዝ አልከኝ። ትንሽ ልጅ ሆኜ እንጉዳይ ለመልቀም ጫካ ስገባ በሩ ላይ ይዘህ ትነግረኝ ነበር። «ዝም ብለሽ እንዳትሄጂ። ዝፈኚ። ከርከሮ አይዘፍንም።» ጫማዋ ስለጠፋባት ዳክዬ ዘፈን ያወጣህልኝ ለዚሁ ነበር። ግጥሙ ቤት አይመታም፣ ዜማውም ያው ያንተ ዜማ ነው። እናቴ «ይሄን ዘፈን የሰማ ከርከሮ በራሱ ፈቃድ ይሞታል» ትል ነበር።

ብስክሌቱን እየገፋሁ፣ ጭቃው እያንሸራተተኝ፣ በአርባ ዓመቴ ስለ ዳክዬ ጫማ መዝፈን ጀመርኩ።

«አበድሽ እንዴ?» አለች ሉዲቪን ከኋላዬ።

«ዝፈኚ አልኩሽ! የሰው ድምፅ ይስሙ!»

ዘፈኑን አታውቀውም፤ ግን ዘፈነች። የሠርግ ዘፈን ነበር መሰለኝ። እያለቀሰች ነበር የምትዘፍነው።

መስቀሉን እንዳለፍን ቁጥቋጦው ተሰነጠቀና ከርከሮው በአጠገቤ አለፈ፤ ጠረኑ ሸተተኝ። እኔና ብስክሌቱ አንድ ላይ ወደቅን። አፌ ውስጥ ጭቃ ነበር። ተፋሁትና ዘፈኑን ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጥኗል። እየዘፈንኩ ቀና አልኩ።

አንተን አየሁህ። ባሉጡ ሥር ጉንጭህን ጠመንጃው ላይ አስደግፈሃል። የአፈሙዙን ቀዳዳ አየሁት አባባ። ክብ ነው። የሚያየው እኔን ነበር። ስሸና ተሰማኝ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተ ግን ለምን እዋሻለሁ? «ጫማዋን ማን ወሰደው» የሚለው ላይ ስደርስ ተተኮሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም ታስታውሳለህ። ጠመንጃውን ወርውረህ እየተንደረደርክ መጣህ። ጭቃው ላይ ተንበርክከህ «የት ነው የመታሁሽ? የት ነው የመታሁሽ?» አልክ። እጅህ ወደ እኔ ሲመጣ ግን ያየሁት ቃታውን የሳበውን ጣት ብቻ ነበር። ለዚህ ነው የሸሸሁህ። ፖሊሶቹ ሲመጡ «ልጄ ላይ ተኮስኩ። ዓይኔ ጠፍቷል፣ ጆሮዬ ጠፍቷል፤ የሳትኳት በዕድል ነው» ስትላቸው ሰማሁ። ማንም ስለ ደወሉ አልነገረህም። እኔም አልነገርኩህም፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር።

ትናንት ፌርናን መጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ በሩ ላይ ቆሙ። ሰዓቱን ሳይጠይቁ ቀንድ በመንፋታቸው እንቅልፍ እንዳጡ ነገሩኝ። ከዚያም መሰላል ተሸክመው ጫካ መግባታቸውን ነገሩኝ።

«ጥይቷን አገኘኋት» አሉኝ።

«የት?»

«ያቺ የድንጋይ መስቀል አጠገብ ያለው ግዙፍ ዛፍ የለም? እሱ ላይ። መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሜ እንኳ በጣቴ ጫፍ ነው የነካኋት። አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ከአርባ ዓመት በላይ ከጎኔ ቆሞ አድኗል። ሲስት አይቼዋለሁ፤ ሲስት አንድ ክንድ ነው የሚስተው። ከርከሮ ዛፍ ላይ ይወጣል እንዴ?»

እኔ ግን መሰላል አላስፈለገኝም፤ አይቼዋለሁ። ብናገር ማንም አያምነኝም፣ ድንጋጤ ነው ይሉኛል ብዬ ለማንም አላወራሁትም። ከመተኮስህ በፊት አፈሙዙ ወደ ላይ ተነሳ። ጣትህ መሳብ ጀምሮ ነበር፣ ማቆም አልቻልክም፤ ክንድህ ግን ጠመንጃውን ሰማይ ሰቀለው። የዛፉ ቅርፊት አናቴ ላይ ዘነበ። አልሳትከኝም አባባ። ዘፈንህን ሰምተህ ነው። አንተ አላወቅከው ይሆናል፤ ክንድህ ግን አውቆኛል።

እንዲህም ሆኖ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። የድስት ክዳን ሲወድቅ ጠረጴዛ ሥር እገባለሁ። ደወሉ አሁን ተስተካክሏል፣ ግን በደወለ ቁጥር ጆሮዬን ይዤ ቀንዱን እጠብቃለሁ። ብስክሌቱ ጭቃው ደርቆበት ጋጣው ውስጥ ቆሟል። አንተንም እፈራለሁ፤ እጅህን ሳየው ምን እንደምሆን አላውቅም። ይህን የምነግርህ እንድትቀር አይደለም። ብቻዬን ስፈራ ስለሚብስብኝ ነው።

ቀጣዩ እሑድ አደን የለም፤ ፌርናን ቃል ገብተውልኛል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተነስቼ በሸለቆው በኩል በቀኙ መንገድ እመጣለሁ። አንተ ባሉጡ ሥር ባዶ እጅህን ቁም። ካልመጣህም እሄዳለሁ፣ ግን እባክህ ና። ከታች ጀምሬ ስለምዘፍን ከሩቅ ትሰማኛለህ። አሁንም ያ ሁሉ ጠመንጃ ተደርድሮ ምረጪ ብባል፣ እየተንቀጠቀጥኩ ወዳንተ ነው የምመጣው።

ፍሎክ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቅሃል።

ልጅህ
ማጋሊ